«ምነው በወፍጮ ቤቴ በተውከኝ!»

የዛሬው ደብዳቤ ከአንድ ሹፌር የመጣ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። የአይሱዙ ሹፌር ነኝ፤ ከአዲስ አበባ ደሴ እመላለሳለሁ። ከስድስት ዓመት በፊት ኮምቦልቻ ወፍጮ ቤት የሚሠራ ልጅ ተዋወቅኩ። ‹ና አብረን እንሥራ› ብዬ ረዳት አደረግኩት። ረዳት ስሙ ነው እንጂ ወንድሜ ነበር። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ እሱ ወርዶ ባትሪ እያበራ በእግሩ ይቀድመኛል፤ እኔ እሱን እያየሁ እነዳለሁ። ዘንድሮ ታመመ። ሐኪሞቹ ‹የጉበት ቫይረስ ነው፣ ቆይቷል› አሉ። ሦስት ሳምንት አስታመምኩት። ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው ዓይኑን ገልጦ ‹ምነው በወፍጮ ቤቴ በተውከኝ! አንተን ባላውቅህ ይሻለኝ ነበር› አለኝ። ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣውም። በማግስቱ አረፈ።

አምስት ወር ሆነው። መኪናዋን ከቆመችበት አላንቀሳቀስኳትም። ጋቢው ካቢና ውስጥ እንደታጠፈ ነው። እናቱ ጋ ከአርባው ወዲህ አልሄድኩም፤ በምን ዓይኔ ልያቸው? የመጨረሻው ጭነት ድርሻው 14,000 ብር እኔው ጋ አለ። ሰው ሁሉ ‹ወንድ ልጅ እንዲህ አይሆንም፣ በቃህ› ይለኛል። ባለፈው ስለ ጊልጋሜሽ የጻፉትን ልጄ አነበበችልኝ። ጓደኛዬን አልቀብርም ያለው ንጉሥ እኔን መሰለኝ። ሁለት ነገር ይንገሩኝ። ጠልቶኝ ነው የሞተው? መኪናዋን አስነስቼ ሌላ ረዳት ብይዝስ ከዳሁት ማለት ነው?»

ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር። አንተንም ያጽናህ።

ደብዳቤህን ሦስት ቀን ይዤው ቆየሁ። ልመልስልህ ስጀምር ያቺ የመጨረሻ ቃሉ እየመጣች ታስቆመኛለች። እንዲህ የተባለ ሰው እንዴት ይተኛል? አምስት ወር ዝም ብለህ ተሸክመሃታል። ለእኔ ስለጻፍክልኝ አመሰግንሃለሁ።

አንድ ነገር ልንገርህ። ይህችን ቃል እኔ ከዚህ በፊት አንብቤያታለሁ። አንተ ራስህን ያየህበት ግጥም ውስጥ አለች። ባለፈው ስጽፍ በአንድ መስመር አልፌያት ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ዛሬ እዚያው ቦታ ላይ ቁጭ ልበል።

ባለፈው ላላነበባችሁ በአጭሩ ላስታውስ። ጊልጋሜሽ በስሙ የሚጠራው ጥንታዊ ግጥም ባለታሪክ፣ የኡሩክ ንጉሥ ነው። የኡሩክ ፍርስራሽ ዛሬ ደቡብ ኢራቅ ውስጥ ይገኛል፤ ዘፍጥረት ምዕራፍ 10 «ኦሬክ» የሚላት ከተማ ናት። ንጉሡ ጉልበቱ የተረፈ፣ ሕዝቡን ያስመረረ ነበር። አማልክቱ እኩያ ይሁነው ብለው ኤንኪዱን ከጭቃ ሠሩ። ኤንኪዱ ዱር አደገ። ከሚዳቋ ጋር ሣር ይግጣል፣ ከአውሬ ጋር ውኃ ይወርዳል። ሻምሃት የምትባል ሴት ከዱር አወጣችው። ዳቦ መብላትን፣ ጠላ መጠጣትን፣ ልብስ መልበስን አስለመደችው። ከተማ ሲገባ ከንጉሡ ጋር ደጃፍ ላይ ተናነቁ፤ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ተሳሳሙና ጓደኛ ሆኑ። የዝግባውን ጫካ ጠባቂ ሁምባባን አብረው ገደሉ። የሰማዩን ኮርማ አብረው ጣሉ። አማልክቱ ተቆጥተው «ከሁለቱ አንዱ ይሙት» አሉ። ፍርዱ በኤንኪዱ ላይ ወደቀ።

ግጥሙ የተጻፈው በአካድኛ፣ በጥንት ባቢሎናውያንና አሦራውያን ቋንቋ ነው። አካድኛ የግዕዝና የአማርኛ ዘመድ ነው። ልብን «ሊቡ» ይላሉ፣ ሞትን «ሙቱ»፣ ቤትን «ቢቱ»። ሌላም ዝምድና አለን። ግጥሙ የተጻፈባቸው የሸክላ ጽላቶች በብዛት የተገኙት ነነዌ ነው፤ እኛ በጾሟ የምናውቃት ነነዌ። እዚያ ከቆፈሩት ሰዎች አንዱ የሞሱል ተወላጁ ሆርሙዝድ ራሳም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1853 የአሦሩን ንጉሥ የአሹርባኒፓልን ቤተ መንግሥት ያገኘው እሱ ነው። በኋላ የንግሥት ቪክቶሪያን ደብዳቤ ይዞ ወደ አጼ ቴዎድሮስ የመጣውም፣ መቅደላ ላይ ታስሮ በ1860 ዓ.ም. የተፈታውም ይኸው ራሳም ነው። የነነዌን ጽላት ከአፈር ያወጣ ሰው በእኛው አምባ ላይ በሰንሰለት ታስሯል። እናንተ ወደ ደሴ ስትወጡ ከመንገዳችሁ ያን ያህል በማይርቅ አምባ ላይ። ይህን ካወቅኩ በኋላ ግጥሙ የሩቅ ሰው ወሬ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ሕመሙ አልጋ እንሂድ።

ኤንኪዱ ተኝቷል። መጀመሪያ የረገመው ማንን መሰለህ? በርን ነው። ከዝግባው ጫካ እንጨት ቆርጠው አንድ ትልቅ በር ሠርተው ነበር፤ ቁመቱ 72 ክንድ፣ ወርዱ 24 ክንድ። ኒፑር ከተማ ለሚገኘው ለአምላኩ ለኤንሊል ቤተ መቅደስ የሰጡት በር ነው። ኤንኪዱ በሩን እንደ ሰው ያናግረዋል። ውለታዬን እንዲህ እንደምትመልስልኝ ባውቅ ኖሮ መጥረቢያ አንስቼ እቆራርጥህ ነበር ይለዋል። ቀጥሎ ዱር ውስጥ መጀመሪያ ያየውን አዳኝ ረገመ። በመጨረሻ ወደ ሻምሃት ዞረ። ቤት እንዳይኖርሽ፣ የግንብ ጥላ መቆሚያሽ ይሁን፣ የሰከረውም ያልሰከረውም ጉንጭሽን ይምታሽ አላት።

ሻምሃት ምን አደረገችው? እንጀራ አብልታ ሰው አደረገችው። ጓደኛውን ያገኘው በእሷ ነው። እርግማኑ ሲጨመቅ ግን አንድ ነገር ነው የሚወጣው። ምነው በዱሬ በተውሽኝ።

አየህ ወንድሜ? ያንተው ወፍጮ ቤት ነው።

በጻር ላይ ያለ ሰው መንገዱን ወደ ኋላ ይቆጥራል። እዚህ አልጋ ላይ እንዴት ደረስኩ ይላል። ከዚህ በፊት ሆስፒታል፣ ከዚያ በፊት መንገድ፣ ከዚያ በፊት መኪና፣ ከዚያ በፊት «ና አብረን እንሥራ» ያለኝ ሰው። የመጀመሪያውን በር የከፈተለት ሰው ጋ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጤነኛ የነበረበት ዘመን ነው። ስለዚህ ኤንኪዱ የረገመው የሚጠላውን አይደለም። ወደ ሕይወት ያስገባውን ነው። ጠላት ቢሆንማ ትዝ አይለውም ነበር።

ስለ በሽታውም ጥቂት ልበል፤ ጥፋተኛው መንገዱ ነው ብለህ የደመደምክ ይመስላልና። የጓደኛህ ሕመም የጉበት ቫይረስ ቢ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ገና ሲወለዱ ወይም በልጅነት ነው። ምንም ሳያሳይ አሥርና ሃያ ዓመት ሰውነት ውስጥ ይቀመጣል። ሐኪሞቹ «ቆይቷል» ያሉህ ለዚህ ሊሆን ይችላል። ምናልባት ወፍጮ ቤት ሳለ ጀምሮ አብሮት ነበር። ሌላም አለ። ጉበት ሥራውን ሲያቆም ደም ውስጥ የሚቀረው መርዝ አእምሮን ያውካል። ሰው ቀንና ሌሊቱ ይምታታበታል፣ ይቃዣል፣ ይቆጣል፣ የማይለውን ይላል። ጓደኛህ በዚያ ሰዓት ሙሉ አእምሮው አብሮት እንደነበር በምን እናውቃለን? ያስታመሙትን ሐኪም ሄደህ ጠይቃቸው። ከኔ ይልቅ የእሳቸው መልስ ያሳርፍሃል።

ኤንኪዱ ግን ዕድል አገኘ። የፀሐይ አምላክ ሻማሽ ከሰማይ ጠራው። ሻምሃትን ስለ ምን ትረግማታለህ አለው። ዳቦ ያበላችህ፣ ጠላ ያጠጣችህ፣ ልብስ ያለበሰችህ፣ ጊልጋሜሽን ጓደኛ አድርጋ የሰጠችህ እሷ አይደለችም? ያ ጓደኛህ አሁን በክብር ያስተኛሃል፤ ስትሞት ጠጉሩን አሳድጎ የአንበሳ ቆዳ ለብሶ በዱር ይንከራተትልሃል አለው። ይህን ሲሰማ የኤንኪዱ ልብ ረጋ። የረገመሽ አፌ ይመርቅሽ ብሎ እርግማኑን ወደ ምርቃት መለሰው።

ይኼን ቦታ ሳነብ ሁልጊዜ ዓይኔ እንባ ያቀራል። ኤንኪዱን ያረጋው ስለ ዕድሜው የተነገረው ነገር አይደለም። ትድናለህ ያለው የለም። ይለቀስልሃል ነው የተባለው። ሰው አለህ ነው የተባለው።

ጓደኛህ ያችን ቃል ከተናገረ በኋላ አንድ ቀን ብቻ ኖረ። ያም ቀን ቃል አልባ ነበር። መልሶ ለመመረቅ ጊዜ አላገኘም። አንተ ደግሞ ያልመጣውን ምርቃት አምስት ወር ሙሉ በር ላይ ቆመህ ትጠብቃለህ።

የኤንኪዱም የመጨረሻ ቃል የለም። ታሞ 12 ቀን ከተኛ በኋላ ጊልጋሜሽን ጠርቶ ይናገራል። በጦር ሜዳ እንደሚወድቅ ሰው አልሞትኩም ብሎ ይቆጫል። ከዚያ ሸክላው ተሰብሯል። የሰባተኛው ጽላት መጨረሻ፣ 30 ያህል መስመር፣ ጠፍቷል። ነፍሱ ስትወጣ ምን እንዳለ አይታወቅም። እንደገና ረግሞ ይሆን? ጓደኛውን ስሙን ጠርቶት ይሆን? ሊቃውንት ለ150 ዓመት ያህል ቁርጥራጭ ሲገጣጥሙ ኖረዋል፤ ያ ቦታ ግን ባዶ ነው። ሆኖም ግጥሙን ያነበበ ሰው ሁሉ ሁለቱ ይዋደዱ እንደነበር ያውቃል። የሚያውቀው ከዚያ በፊት ካሉት ስድስት ጽላቶች ነው።

እኔም ጓደኛዬን ከቀበርኩ 9 ዓመት ሆነኝ። ከመሞቷ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ በስልክ ስንነጋገር ስለ አንድ ሹራብ ተጨቃጨቅን። «ሹራቤን መልሺልኝ» ብላኝ ዘጋችው። በመኪና አደጋ ሄደች። ለብዙ ጊዜ ጓደኝነታችን ማለት ያ ሹራብ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ በፊት በአንድ አልጋ ተኝተን የተማርንባቸው አራት ዓመታት የት ሄዱ? ለራሴ ይህን ጥያቄ እስክጠይቅ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። አንተ እንደኔ አትዘግይ።

የአንተ ስድስት ጽላት ደብዳቤህ ውስጥ አለ። ጣርማ በር። ጉሙ መኪናዋን ሲውጣት፣ ገደሉ በጎን ሲሆን፣ ብርዱ አጥንት ሲሰብር፣ ያ ልጅ ከሞቀው ካቢና ወርዶ በእግሩ ይቀድምሃል። የኡሩክ ሽማግሌዎች ጊልጋሜሽን ሲሸኙት ያሉትን ልንገርህ። ከፊት የሚሄድ ጓዱን ያድናል፣ መንገድ የሚያውቅ ወዳጁን ይጠብቃል፣ ኤንኪዱ ከፊትህ ይሂድ። አንድም ቀን «ባላውቅህ ይሻለኝ ነበር» ብሎ ያሰበ ሰው ስድስት ዓመት ከአንድ ሰው መኪና ፊት በጉም ውስጥ አይሄድም። ልትገጨው ትችል ነበር እኮ! ጀርባውን ሰጥቶህ ነው የሚሄደው።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄህ መልሴ አልጠላህም ነው። ያመመው ሰው ነው የተናገረው። ሕመሙን የሚያራግፈው እጁን የያዘው ሰው ላይ ነው፤ ከአንተ በቀር እጁን የያዘ አልነበረም።

ሁለተኛው ጥያቄህ ይከብዳል። ጊልጋሜሽን እመስላለሁ ብለሃል። ልክ ነህ። ግን በየትኛው በኩል እንደመሰልከው እንይ።

ኤንኪዱ ሲሞት ጊልጋሜሽ «ይህ የያዘህ እንቅልፍ ምንድን ነው? አትሰማኝም ወይ?» አለ። ልቡን ዳሰሰው፤ አይመታም። የጓደኛውን ፊት እንደ ሙሽራ ሸፈነው። ግልገሎቿን እንዳጣች አንበሳ ወዲያ ወዲህ ተንቆራጠጠ። ጠጉሩን ነጨ፣ የክብር ልብሱን ቀድዶ ጣለ። «እንደ አልቃሽ ሴት አለቅሳለሁ» አለ። ቃሉ ይህ ነው፣ አልቃሽ። ንጉሥ ነው፣ ጦረኛ ነው፣ ግን እንደ ሙሾ አውራጅ አለቀሰ። የጎኔ መጥረቢያ፣ የመታጠቂያዬ ጩቤ፣ የፊቴ ጋሻ፣ የበዓል ልብሴ እያለ ጠራው። «ወንድ ልጅ እንዲህ አይሆንም» ለሚሉህ ይህን ንገራቸው።

ደግሞ ብቻውን አላለቀሰም። አብረው የሄዱባቸው መንገዶች ያልቅሱልህ አለ። ውኃ የቀዳንበት ኤፍራጥስ ያልቅስልህ። የዱር አውሬዎች፣ የኡሩክ ሽማግሌዎች፣ ወተትና ቅቤ ያቀረቡልህ እረኞች፣ ጠላ የጠመቁልህ ሰዎች ያልቅሱልህ። ያቺ የተረገመችውና የተመረቀችው ሴትም አልቀረች። ኤንኪዱን ያበላ፣ ያጠጣ፣ መንገድ ያሳየ ሁሉ ለቅሶ ተጠራ። ታማኝነት ካልከኝ ለኔ ይህ ነው። የሞተውን የሚያውቁትን ሁሉ አንድ ድንኳን ውስጥ ማስቀመጥ።

ከዚያ በኋላ ያለው ግን ሌላ ነው። ስድስት ቀንና ሰባት ሌሊት አስከሬኑን አልቀብርም አለ፣ ከአፍንጫው ትል እስኪወድቅ ድረስ። ትሉን ሲያይ ፈራ። ራሱ ነው የሚናገረው። «እኔስ እንደሱ ተኝቼ አልቀርም ወይ?» አለ። ከተማውን ጥሎ የማይሞትበትን መድኃኒት ፍለጋ ሄደ። ለኤንኪዱ የተጀመረው ለቅሶ ለራሱ መሸሽ ሆነ። አልወቅሰውም፤ ሞትን በቅርብ ያየ ሁሉ ይሸሻል። ነገር ግን ያንን መንከራተት ለጓደኛው የከፈለው ዕዳ ነው ብለህ አትቁጠረው። ኤንኪዱ ሊሞት ሲል የጠየቀው «አስበኝ፤ አብረን ያለፍንበትን ሁሉ አትርሳ» ብሎ ነው። ሥራህን ተው፣ ቤትህን ተው አላለም።

በመንገድ ላይ ባሕር ዳር የምትኖር አንዲት ኮማሪት አገኘ። ሲዱሪ ትባላለች። ከሩቅ ስታየው ፈርታ በሯን ዘጋችና ጣሪያ ላይ ወጣች። ሐዘን የበዛበትን ሰው ሰዉ እንዲህ ነው የሚፈራው፤ «በቃህ» የሚሉህም ከልባቸው ጨክነው ሳይሆን ፈርተው ይመስለኛል። ሲዱሪ ጉንጭህ ለምን ጎደጎደ፣ ፊትህን ምን አጠቆረው አለችው። እሱም ነገራት። ኤንኪዱን፣ ጫካውን፣ ሁምባባን፣ ትሉን። ቀጥሎ ጀልበኛውን ኡርሻናቢን አገኘ። እሱም ያንኑ ጠየቀው፤ ያንኑ ቃል በቃል ነገረው። ከጥፋት ውኃ የተረፈው ኡታናፒሽቲም ጋ ደረሰ። ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ። አንዳንድ አንባቢ ድግግሞሹ ይሰለቸዋል። እኔ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ስለማውቅ አይሰለቸኝም። አዲስ ሰው በገባ ቁጥር እንደገና ከመጀመሪያው ይነገራል። «እንዴት ሆነ?» «ማክሰኞ ዕለት አመመኝ አለ...» እየተነገረ ነው ሸክሙ የሚቀለው። አንተ ይህን የመጨረሻ ቃል ለማን ነገርክ? ለሚስትህ? ለልጅህ? ከደብዳቤህ እንደገባኝ ለማንም።

በጥንቱ የግጥሙ ቅጂ ሲዱሪ ምክር ሰጥታዋለች። ብላ፣ ተደሰት፣ ልብስህ ይንጻ፣ ራስህን ታጠብ፣ እጅህን የያዘውን ሕፃን ተመልከት አለችው። ያን ጊዜ አልሰማትም። ይህን ስጽፍ ግን ደብዳቤህ ውስጥ ያለፈችው ልጅህ ትዝ አለችኝ። «ልጄ አነበበችልኝ» ብለሃል። አባቷ አምስት ወር ሲጨልም ያየች ልጅ፣ ስለ ሞተ ጓደኛ የተጻፈ ነገር አንብባ ለአባቷ አመጣች። ምን ልትልህ ፈልጋ ይመስልሃል?

ስለ መኪናዋም ልበልህ። ኡታናፒሽቲም ለጊልጋሜሽ ፈተና ሰጠው። ሞትን ላሸንፍ ካልክ ስድስት ቀንና ሰባት ሌሊት ሳትተኛ ቆይ አለው። ቁጭ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው። የሽማግሌው ሚስት በየቀኑ አንድ አንድ ዳቦ እየጋገረች ራስጌው አስቀመጠች። ሰውየው ሲነቃ «አሁን ገና ሸለብ ሊያደርገኝ ነበር» አለ። ዳቦዎቹን ቁጠር አሉት። የመጀመሪያው ደርቋል፣ አምስተኛው ሻግቷል፣ ሰባተኛው ገና ፍም ላይ ነው። አንተም ውጣና አይሱዙዋን ተመልከታት። ባትሪዋ ሞቷል፣ ጎማዋ ወርዷል፣ መስታወቷ ላይ አቧራው በጣት ይጻፍበታል። ዳቦዎችህ እነሱ ናቸው።

ንጉሡ መድኃኒቱን አጣ። ከውኃ ሥር ያወጣትን የሚያድስ ተክል እንኳ ሲታጠብ እባብ ሰረቀው። ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ከዚያ ወደ ኡሩክ ተመለሰ። ብቻውን ግን አልነበረም። ያ ጀልበኛ ኡርሻናቢ አብሮት መጣ። ከተማዋ ጋ ሲደርሱ ጊልጋሜሽ «ቅጥሩ ላይ ውጣ፣ ተመላለስበት፣ ጡቡን ተመልከት» አለው። ከተማውን፣ የተምር አትክልቱን፣ የሸክላ ጉድጓዱን አሳየው። ኡርሻናቢ ኤንኪዱ አይደለም። የኤንኪዱን ቦታ ውሰድ ያለውም የለም። ግን አንድ ሰው በመንገድ ላይ አብሮት ነበር፤ ጊልጋሜሽም የሚያሳየው ነገር ነበረው። ሌላ ረዳት መያዝ ክዳት አይደለም። እንዲያውም ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ እንዴት ተደርጎ እንደሚወረድ ለአዲሱ ልጅ አሳየው። ማን እንዳስተማረህም ንገረው።

ከዚያ በፊት ግን የጓደኛህ እናት ጋ ትሄዳለህ። ጫካው ከመሄዳቸው በፊት የጊልጋሜሽ እናት ኒንሱን ኤንኪዱን ጠርታ «ከማኅፀኔ ባትወጣም ልጄ ነህ» ብላ ተቀብላዋለች። እናንተ ስድስት ዓመት ኮምቦልቻ ስታድሩ የማን ቤት ነበር የምታድሩት? የማንን እንጀራ ነበር የምትበሉት? እሳቸው አንድ ልጅ ቀብረዋል፤ ከአርባው በኋላ ሁለተኛውም ጠፍቶባቸዋል። የ14,000 ብሩን ነገር አታስረዝመው። በፖስታ አድርገህ «የልፋቱ ዋጋ ነው» ብለህ ስጣቸው። የዘገየኸው ከሐዘን እንጂ ከስስት እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ አንተው ንገራቸውና ይቅርታ ጠይቃቸው።

ያቺን ቃል ግን ለእሳቸው አትንገር። ቢጠይቁህም። ይህ ውሸት አይደለም፤ ያ የልጃቸው ቃል ሳይሆን የሕመሙ ቃል ነው። ስለ ባትሪው ንገራቸው። በጉም ውስጥ ስለሚቀድምህ ንገራቸው፤ ያንን ላያውቁ ይችላሉ። ቃሏን ለነፍስ አባትህ ወይም ለሚስትህ አውራት። አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሦስት ጊዜ። እንቅልፍ አልወስድ ካለህ፣ ምግብ ካስጠላህ፣ መኖር ከከበደህ ደግሞ ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ ዛሬ ነገ አትበል። የጉበት ምርመራውንም አንተ አድርግ። አብሮ በመብላት አይተላለፍም፣ ግን ምላጭ ተዋውሳችሁ ይሆናል። ነፃ ከሆንክ ክትባት አለው።

ባትሪውን አስሞላ። ጎማውን አስነፋ። ጠዋት በጊዜ ተነሣ፤ ጣርማ በርን በብርሃን እንድታልፍ። ልጅህ ትምህርት ከሌላት ከጎንህ አስቀምጣት።

ጋቢውንም ያዝላቸው። ግን እንዳታጥበው። እንደታጠፈ ስጣቸው።